ለአያትነት የሚበቃ ጊዜ



እናቴ ባለፈው ጥቅምት ከአዲስ አበባ መጥታ እስከ መጋቢት መጨረሻ ከእኛ ጋር ሰነበተች። በየካቲት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሁለት ዓመት ልጄ ስኒዎቹን ከረከቦቱ እያነሣች ምንጣፉ ላይ ስትደረድር፣ እኔ ደግሞ የሠራሁትን ስሌት ለእናቴ አሳየኋት። በምንኖርባት የሜሪላንድ ከተማ ለአንድ ሕፃን የሙሉ ቀን መዋያ በወር የሚከፈለውን ወስጄ፣ እናቴ በቆየችባቸው ወራት አባዝቼ፣ ልጅቱ ታማ ቤት የዋለችባቸውን ቀናትና የምሽቱን ሰዓት ጨምሬ በአንድ ገጽ አስፍሬዋለሁ። ድምሩ ደኅና መኪና ይገዛል። አሳቤ ውለታዋን ላከብር ነበር፤ የኢኮኖሚ ባለሙያ ምስጋናዋን በሠንጠረዥ ብታቀርብ ብዙም የሚያስገርም አይመስለኝም። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን እስከ ታች አነበበችና «እኔ ለሥራ የመጣሁ መስሎሽ ነው እንዴ?» አለችኝ። ወደ ስኒዎቹም ተመለሰች። ቅያሜዋ ሁለት ቀን ቆየ።

ጥያቄዋ ግን ከእኔ ጋር ከዚያ በላይ ቆይቷል። በሙያዬ ያነበብሁት ጽሑፍ አያትን የሚያያት አንድ የሚጠቅም ነገር ስትሠራ ብቻ ነው፤ ስትነግሥ፣ እንጨት ስትለቅም፣ ጡረታ ስትቀበል። ደስታዋን የመዘገበ እጅግ ጥቂት ነው። ደስታ የግል ስሜት ነው፣ ታሪክ የለውም የሚል ካለ አልስማማም። አንዲት ሴት በልጅ ልጇ ደስ እንዲላት በሕይወት መድረስ አለባት፤ የራሷን ወልዳ መጨረስ አለባት፤ ልጁ አጠገብ መሆን አለባት። እነዚህ ሁሉ በዘመን የሚለዋወጡ ናቸው፤ ሦስተኛውንማ ዛሬ የኤምባሲ ቆንስል ይወስነዋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእኛ ዜና መዋዕሎች ስለ አያቶች ዝም አላሉም፤ የሚናገሩት ግን ዙፋን አጠገብ ስለነበሩት ነው። በ1508 ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳሉ ሲነግሡ አገሪቱን በሞግዚትነት የመሩት፣ በደም ባይወልዷቸውም በቤተ መንግሥቱ የአያትነት ስፍራ የነበራቸው እቴጌ እሌኒ ናቸው። ነጋዴውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ አድርገው የላኩትም እርሳቸው ናቸው። ሁለተኛዋ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። በ1730 ከልጃቸው ከኢያሱ ጋር ሥልጣን ያዙ፤ ኢያሱ በ1755 ሲሞቱ ደግሞ ሕፃኑ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሠ፣ አያቲቱም እንደገና ሞግዚት ሆኑ። የዚያ ዘመን ታሪክ በአብዛኛው የቋረኞችና የሕፃኑ የእናት ወገኖች ሽኩቻ ተደርጎ ይተረካል። ነገሩ በከረረ ጊዜ እቴጌይቱ የትግሬውን ራስ ሚካኤል ስሑልን ወደ ጎንደር ጠሩ፤ ኢዮአስ በ1769 የተገደለው በእርሱ ትእዛዝ ነው። የልጅ ልጃቸውን ዙፋን ያድንልኛል ብለው የጠሩት ሰው የልጅ ልጃቸውን ገደለባቸው። ከዚያ በኋላ እቴጌይቱ ባሠሩት በቁስቋም ተገልለው ተቀመጡ፤ በ1773 ዐረፉ።

የዘመነ መሳፍንት መባቻ የሆነው ይህ ግድያ በታሪክ መጻሕፍታችን ብዙ ተጽፎበታል። እኔን የሚይዘኝ ግን አንድ ትንሽ ነገር ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲደርስ ቁስቋም ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር፤ ከታመሙት መካከል የእቴጌይቱ ሴት ልጅ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ነበር። ብሩስ የታመሙትን በማከሙ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ተወዳጅ ሆነ። አንድ የልጅ ልጅ ከተገደለ ዓመት ሳይሞላ፣ ሌላው አያቲቱ በሚኖሩበት ግቢ በፈንጣጣ ተኝቷል። በዚያ ግቢ የነበረችው አያት ማታ ማታ ምን ታስብ እንደነበር የምንገምተው ከባዕድ መንገደኛ መጽሐፍ ነው። የቤት ውስጥ ነገር ለታሪክ ጸሐፊ የሚታየው በሽታ ወይም ሞት ሲገባበት ነው፤ ልጁ ድኖ ሲሮጥ የሚጽፍ የለም።

ከቤተ መንግሥት ወጥተን ወደ ተራው ቤት ብንሄድ፣ የምናገኘው ማስረጃ የቁጥር ነው። እኔ 36 ዓመቴ ነው። በኢትዮጵያ የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ያገቡበት መካከለኛ ዕድሜ 17.1፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱበት ደግሞ 19.2 ነበር። በዚህ መካከለኛ መንገድ የሄደች፣ በኵሯም ሴት የሆነች እናት፣ ልጇ ያንኑ መንገድ ብትከተል በ38 ዓመቷ አያት ትሆናለች ማለት ነው፤ እኔን በሁለት ዓመት ብቻ በልጣኝ። የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ስለነበር (18 የሆነው በ2000 በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው)፣ በሴት አያቶቻችን ዘመን ከዚህም በታች የደረሱ ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ጥበብ የለበሰች፣ ሽበቷ ከሻሹ ሥር የሚታይ፣ ከምድጃው ዳር የማትነሣ አሮጊት አድርገን የምንስላት አያት የታሪክ ሥዕል አይደለችም። የታሪኳ አያት ጉልበቷ ያልደከመ፣ ብዙ ጊዜም ገና የምትወልድ ሴት ነበረች። በ2000 እንኳ አንዲት ኢትዮጵያዊት በሕይወቷ በአማካይ 5.5 ልጆች ትወልድ ነበር። የራሷን የመጨረሻ ልጅና የመጀመሪያ የልጅ ልጇን በአንድ ወቅት የታቀፈች ሴት በየመንደሩ ነበረች፤ ከአጎቱ የሚበልጥ የእኅት ልጅ በቤተሰቡ የሌለው አንባቢም ጥቂት ይመስለኛል።

እንዲህ ያለች ሴት በልጅ ልጇ ደስ አይላትም አልልም። ደስታው ግን ከፍርሃት ጋር የተጋመደ ነበር። በዚያው በ2000 ከ1000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር። ልጅን ፊት ለፊት «አቤት ማማሩ!» ብሎ ማድነቅ ነውር የሆነው፣ የሚያደንቅም ሰው ቱፍ ቱፍ እንዲል የሚጠበቀው፣ አያት ሁሉ ለዓይን የምትሰጋው፣ በዚህ ቁጥር ጥላ ሥር ነው። በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። አሁንም ብዙ ነው፤ ሆኖም በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ የታየው ለውጥ አንዲት አያት አራስ ስትጠይቅ ሆዷ ውስጥ ያለውን ነገር የሚቀይር ነው። በሌላ በኩል በ1960 አካባቢ ሲወለድ አርባ ዓመት እንኳ ይኖራል ተብሎ የማይጠበቀው ኢትዮጵያዊ ዛሬ ከ65 በላይ ይጠበቃል። በአዲስ አበባ በ2016 አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው 1.8 ልጅ ብቻ ነበር። ድሮ አንዲት አያት ለሃያ የልጅ ልጆች ትዳረስ ነበር፤ ዛሬ በከተማ አንድ ሕፃን አራት አያቶች ይሻሙታል። ልጅን ተረጋግቶ ማየት፣ ስኒ ሲደረድር ግማሽ ሰዓት አጠገቡ መቀመጥ፣ ለብዙኃኑ የተዳረሰው ገና በቅርቡ ነው።

ሳይንቲስቶች አያትን ያገኟት በሌላ በር ነው። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፤ ሴት ልጅ መውለድ ካቆመች በኋላ ለምን ይህን ያህል ዘመን ትኖራለች? ክሪስተን ሆክስና ባልደረቦቿ በ1980ዎቹ በታንዛኒያ በኤያሲ ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩትን የሐድዛ አዳኞችና ለቃሚዎች ሲያጠኑ፣ ከመሬት ሥር የሚበላ ሥራሥር በመቆፈር ረጅም ሰዓት የሚያሳልፉት አሮጊቶቹ እንደሆኑ አዩ። እናት አዲስ ሕፃን ስታጠባ፣ የታላላቆቹ ልጆች ክብደት ከአያቲቱ ልፋት ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። በ2004 ደግሞ በፊንላንድና በካናዳ የቆዩ መዛግብት ላይ የተመሠረተ ጥናት፣ አንዲት ሴት ከ50 ዓመቷ በኋላ በኖረችባቸው በየ10 ዓመቱ 2 ተጨማሪ የልጅ ልጆች እንደምታገኝ አሳየ። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ማይሪ ጊብሰንና ሩት ሜስ በአርሲ ገጠር ያካሄዱትና በ2005 የታተመው ነው። በዚያ የአያት መኖር ከሕፃናት በሕይወት መቆየት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል፤ በተለይ የእናት እናት። አስተዋጽኦዋም በአብዛኛው ሕፃኑን በማቀፍ አልነበረም፤ የልጇን ከባድ የቤት ሥራ በመጋራት ነበር።

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ለእናቴ ባነበብኩላት ጊዜ ሳቀች። «ታዲያ እናቴ ለኔ ያደረገችው ምን ነበር?» አለች።

እኔ የተወለድሁት በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ነው። እናቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበረች፤ ጠዋት ቢሮ፣ ከሥራ መልስ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ፣ ለስኳር፣ ለዘይት፣ ለሳሙና። ማታ ቤት ስትገባ እኔ ተኝቻለሁ። ያሳደገችኝ አያቴ ናት። የመጀመሪያ እርምጃዬን፣ የመጀመሪያ ቃሌን፣ ጥርሴን ያየችው እርሷ ናት፤ ማታ ማታ ለእናቴ የምትነግራትም እርሷ ናት። «ያንቺን ልጅነት እኔ በወሬ ነው የሰማሁት» ትለኛለች እናቴ። ይህን ያለችኝ በምሬት አልነበረም፤ የቢሮ ማስታወሻ እንደምታነብ ነበር። አሁን ልጄን ስትከተል ሳያት የምታደርገው ነገር ይገባኛል። ልጅቱ ማንኪያ ከጣለች ማንኪያ መጣሏን ትነግረኛለች። «ዛሬ ማንኪያውን ጣለችና ዞር ብላ አየችኝ። ልትቆጣኝ ነው ብላ እኮ ነው!» ይህ በየቀኑ ይሆናል። ለልጄ «ተረት ተረት» ስትላት «የላም በረት» ብላ የምትመልሰው እናቴ ራሷ ናት፤ ሁለቱንም ድርሻ ትይዛለች። ልጄ ትንሽ ቆይታ «በየት» የምትለውን ብቻ ያዘች፤ በዚያን ቀን እናቴ አዲስ አበባ ላሉ ሦስት ዘመዶች ደወለች። ቡና ሲፈላ ልጄ ጭሱን በእጇ ወደ ፊቷ ትስባለች፤ አያቷ እንዳስተማረቻት። እኔ ይህን ሁሉ የምሰማው ማታ፣ ከሥራ ስመለስ ነው።

እንግዲህ በቤታችን ለሁለት ትውልድ የሆነው ይህ ነው፤ እናት ትሠራለች፣ ልጅነቱን አያት ታያለች፣ እናትም አያት ስትሆን የራሷን ልጅ ልጅነት በልጅ ልጇ ታገኛለች። ብሔራዊ የሂሳብ አያያዝ ሥርዓት ለቤተሰብ የሚደረገውን ያልተከፈለ እንክብካቤ ከምርት ወሰን ውጭ ያደርገዋል፤ ይህን እኛ በሙያው ያለን ሰዎች ደጋግመን ተችተናል፣ እኔም በዚያው መንፈስ ነው ሠንጠረዤን የሠራሁት። አሁን ግን ትችታችን ግማሽ መንገድ የሄደ ይመስለኛል። የአያትን ሰዓት በመዋያ ዋጋ ስንተምነው፣ ሰዓቱ ለእርሷ ወጪ ነው እያልን ነው። ለእናቴ ግን ያ ሰዓት ሥራም ነበር፣ የተመለሰላት ዕድሜም ነበር፤ ሁለቱን በየትኛው ዓምድ እንደምጽፋቸው አላውቅም። የጀርባዋ ሕመም እውነተኛ ነው፤ ልጅቱን ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ አይቻለሁ። «ደስ ብሏት ነው» የሚለው ቃል አያቶችን ያለ ዕረፍት ለማሠራት ሲውልም አይቻለሁ፤ በዚህ በስደት አገር ቤቱን ዘግቶባት ሄዶ፣ ቋንቋ በማታውቅበት ሕንፃ ውስጥ ከሁለት ሕፃናት ጋር ለዐሥር ሰዓት የሚተዋት ልጅ አለ። እርሷም ደስ ብሏታል ይባላል።

የፖሊሲው ነገር እዚህ ላይ ይገባል። ኤስቴር ዱፍሎ በ2003 ባሳተመችው ጥናት፣ በደቡብ አፍሪካ የእርጅና ጡረታው ለጥቁሮች በስፋት ሲዳረስ፣ ጡረታውን ሴት በተቀበለችበት ቤት የሴት ልጆች ቁመትና ክብደት እንደተሻሻለ አሳይታለች፤ ወንድ ሲቀበል እንዲህ ያለ ውጤት አልታየም። ብዙዎቻችሁ ጥናቱን ታውቁታላችሁ፤ ሴቶችን መርጦ ገንዘብ ለመስጠት እንደ ማስረጃ ሲጠቀስ ኖሯል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ያቺ ሴት ገንዘቡን ለልጅቱ ያዋለችው ማንም ሳያዛት ነው። በኢትዮጵያ ጡረታ የሚያገኘው በመደበኛ ተቀጥሮ የሠራ ሰው ነው፤ የገጠሯ አያት ከዚህ ውጭ ናት። በ2005 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉና ጧሪ ለሌላቸው ቀጥተኛ ድጋፍ ይሰጣል፤ ይህ ግን ለችግረኛነቷ እንጂ ለምትይዘው ሥፍራ የሚሰጥ አይደለም።

እኛ የምንኖርባቸው አገሮች ደግሞ አያትን በሁለት የተለያዩ ቢሮዎች ያስተናግዷታል። ስዊድን ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ወላጆች ከወሊድ ፈቃድ ክፍያቸው እያንዳንዳቸው እስከ 45 ቀን ለአያት እንዲያስተላልፉ ፈቅዳለች። ብሪታንያ ከ2011 ጀምሮ ከ12 ዓመት በታች ያለ የልጅ ልጅ ለምትጠብቅ፣ ለጡረታ ላልደረሰች አያት የጡረታ መዋጮ ዓመት ትቆጥርላታለች። መልካም ነው። በሚቀጥለው ዓመት በ2012 ግን ያችው ብሪታንያ አረጋውያን ወላጆችን ከውጭ አስመጥቶ ማኖር የማይቻል እስኪመስል ድረስ ሕጉን አጠበቀች። የአገሬውን አያት እንደ ሠራተኛ ቆጥራ፣ የስደተኛውን አያት እንደ ሸክም ቆጠረች። ካናዳ በ2011 ለወላጆችና ለአያቶች ልዩ ቪዛ አወጣች፤ ከ2022 ወዲህ በአንድ መግቢያ እስከ 5 ዓመት ያስቀምጣል። አሜሪካ ውስጥ እናት በሕግ የሚጠበቅላት ፌዴራላዊ ፈቃድ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው፤ አያት ደግሞ በጎብኚ ቪዛ ስትገባ የሚሰጣት አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች የወሰኑት ሰዎች ተነጋግረው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ይህን የምጽፈው ግን በጣም ከታደሉት መካከል ሆኜ ነው። ቪዛ የተሰጣት፣ ትኬት የተቆረጠላት አያት አለችኝ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ይህን የምታነቡ በየቀኑ የምታዩት ሌላ ነው። በሰው ቤት ለመሥራት ወደ ሪያድ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ቤይሩት የሄደችው እናት ልጇን የምትተወው ብዙ ጊዜ ለእናቷ ነው። በወሎ ወይም በጅማ ያለችው አያት የሚላከውን ገንዘብ ትቀበላለች፣ ልጁን ትምህርት ቤት ትሰዳለች፣ በስልክ ድምፁን ታሰማለች። በእኛ ባህል በአያት ቤት ያደገ ልጅ አያቱን «እማዬ»፣ እናቱን በስሟ መጥራቱ የቆየ ነው፤ በአማርኛ «የአያት ልጅ» ማለት ሞልቃቃ ማለት መሆኑንም ሁላችን እናውቃለን። ድሮ ግን በስሟ የምትጠራው እናት ማታ ከሥራ ትመለስ ነበር። ዛሬ ውሏ ሲያልቅ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወይም ከዚያ በላይ ቆይታ ነው የምትመለሰው። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ከተመለሱት እናቶች ልጃቸው ከአያቱ ቀሚስ ኋላ ተደብቆ ያያቸው ብዙ እንደሆኑ ለመገመት ጥናት አያሻም። በዚያች ደጃፍ ላይ የአያቲቱ ደስታ ከልጇ የተወሰደ ነው። እርሷም ታውቀዋለች። ልጁን ወደ ፊት ገፋ አድርጋ «እናትህ ናት፣ ሳማት» የምትለው ለዚህ ነው።

ከዚህ የተነሣ ለእናቴ የቪዛዋን ጊዜ እንድናስረዝም ልጠይቃት አስቤ ነበር። ጠየቅኋትም። «አባትሽስ?» አለችኝ። አባቴ አዲስ አበባ ብቻውን ነው፤ ወንድሜም በግንቦት ይወልዳል፣ እዚያም አንድ ሕፃን ይጠብቃታል። ለአንዷ አያት የሚበቃ ቁጥር በሠንጠረዤ አልነበረም።

በሄደች ማግስት ወጥ ቤት ስገባ ያ የስሌት ገጽ በማግኔት ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ አየሁ። የተለጠፈው ቁጥሩ ወደ ውስጥ፣ ባዶው ጀርባው ወደ ውጭ ሆኖ ነው። በጀርባው ላይ፣ በእናቴ የቢሮ ጽሕፈት፣ ልጄ የተናገረቻቸው ቃላት ከነቀናቸው ሰፍረዋል፤ ከላይ የካቲት 12 «በየት»፣ ቀጥሎ የካቲት 20 «ቡና»፣ ከታች መጋቢት 25 «አትሂጂ»።